ፓምፑን ከመርገማችን በፊት

የደሴን መንገድ ይዘን ሸዋ ሮቢትንና አጣዬን አልፈን ካራቆሬ ስንደርስ አንድ ነገር ይገባናል፤ በይፋት ቆላ ሽንኩርት ዝናብን ብቻ አይጠብቅም፣ ፓምፕም ይጠብቃል። የሶላሩ ፓምፕ ደግሞ አመለኛ ነው፤ ጠዋት ይለግማል፣ እኩለ ቀን ይጋልባል፣ ደመና ሲመጣ ይንፏቀቃል።

ያኔ የሁላችንም ፍርድ አንድ ነው፦ «ተቃጥሏል!»

እኛ ግን ቀስ እንበል እንላለን። የሶላር ፓምፕ ፍጥነቱን ከፀሐይዋ ጋር የሚቀያይረው ተበላሽቶ ሳይሆን እንዲያ ተደርጎ ስለተሠራ ነው። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ውሃውን ወደ ላይ የሚገፋበት አቅም ወደ ሩብ ይወርዳል። ሞተሩ እየዞረ ከፍ ያለው ማሳ ጋ ውሃ ባይደርስ አይግረመን።

በጠራራ ፀሐይም ከተንገዳገደ መጀመሪያ የፓነሉን አቧራ እንጥረግ። ከወንዝ የሚስብ ከሆነ የቱቦውን ጫፍ እንይ፤ ወንፊቱን ጭቃና ቅጠል ደፍኖት ይሆናል። ውሃው አየር እየቀላቀለ ከተንፈቀፈቀ ቱቦው በመጋጠሚያው በኩል አየር እየሳበ ሊሆን ይችላል። የላላ ገመድ ካለ ባለሙያ ኃይሉን አጥፍቶ ይየው። ሞተር መፍታት የመጨረሻው ነው።

የሚያናድደን ሌላ ነው። መቆጣጠሪያው ሳጥን ችግሩን በቁጥር ብልጭ እያደረገ ይናገራል፤ የቁጥሩ ትርጉም ያለበት መጽሐፍ ግን ብዙ ጊዜ በባዕድ ቋንቋ ነው። ስለዚህ ደህናው ሞተር ይፈታል፣ ችግኙ ይደርቃል።

አንዲት ገጽ በአማርኛና በኦሮምኛ ጽፎ ሳጥኑ ላይ መለጠፍ ይህን ያህል ይከብዳል? ፓምፕ ሻጮች ሆይ፣ ሽንኩርት ሻጯ እንኳ ምራቂ ትሰጣለች!