የአልፍሬዶ ምክር

«ሲኒማ ፓራዲሶ» ጁሴፔ ቶርናቶሬ በ1988 እ.ኤ.አ. ያወጣው የኢጣልያ ፊልም ነው።

በአንዲት የሲሲሊያ መንደር የሚኖረው ቶቶ አባቱን ጦርነት የወሰደበት ብላቴና ነው። በሲኒማ ቤቱ ፊልም የሚያሳየው አልፍሬዶ እንደ አባት ሆኖ ሙያውን አስተማረው፤ በጐለመሰም ጊዜ «ሂድ፤ አትመለስ» ብሎ አሰናበተው። ቶቶም 30 ዓመት ቀርቶ የተመለሰው ለሽማግሌው ቀብር ነበረ።

በ124 ደቂቃው ቅጂ ይህ ምክር ፍቅር ብቻ ይመስላል። በ173 ደቂቃው ግን ወጣቱ የሚወዳት ኤሌና ፈልጋው መጥታ እንደ ነበረ፣ አልፍሬዶም ይህንኑ እንደ ሰወረበት እንረዳለን። ቶቶ ስመ ጥር የፊልም አዘጋጅ ሆነ፤ ትዳር ግን አልያዘም።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፣ ረጅሙን ቅጂ ለአካለ መጠን ከደረሱት ልጆቻችሁ ጋር ተመልከቱት። ልጅን ለመልካም ብንመክረውም እውነቱን ልንሸሽገው አይገባንም፤ ሁሉን ነግረን፣ ምርጫውን ለእርሱ ትተን እንመርቀው።