የቀረ ተማሪ ሲመለስ ምን ይጠብቀዋል?

የዛሬው ጽሑፌ ስለ መቅረት ነው። ሰው ሁሉ «ተማሪ ለምን ይቀራል?» ይላል። እኔ ግን «የቀረው ሲመለስ ምን ይጠብቀዋል?» የሚለው ይብሳል ባይ ነኝ።

ለምን እንደሚቀርማ ሁላችንም እናውቃለን። በሐራና በአካባቢዋ ማሽላው ሲያፈራ ወፍ ይመጣል። ልጁ ወንጭፉን ይዞ ማማ ላይ ይውላል። ከዚያ አጨዳ አለ፣ ውቂያ አለ። እናት ገበያ ስትወጣ ደግሞ ትልቋ ልጅ ሕፃን ትይዛለች። ይህ ስንፍና አይደለም፤ ቤተሰቡ የሚበላው ያንኑ ማሽላ ነው።

ግን እስቲ እናስላው። በሳምንት 5 ቀን እንማራለን። በየሳምንቱ 1 ቀን የሚቀር ልጅ ከትምህርቱ አንድ አምስተኛውን አጣ ማለት ነው። 5ኛ ክፍልን ሲጨርስ የተማረው የ4 ዓመት ብቻ ነው!

ሲመለስስ? ብዙ ቦታ «ወላጅ አምጣ» ይባላል። አባት እርሻ ላይ ናቸው። እሳቸው እስኪመጡ ልጁ ሌላ 2 ቀን ውጭ ይቆያል። 1 ቀን የነበረው 3 ቀን ሆነ። ክፍል ሲገባ ትምህርቱ አልፎታል። ትናንት የጋራ ብዜት ያልተማረ ልጅ ዛሬ ክፍልፋይ መደመር እንዴት ይገባዋል? ያፍራል፣ ከኋላ ይቀመጣል፣ አይጠይቅም። በመጨረሻ ጭራሽ ይተወዋል።

በመጋቢት 2012 ዓ.ም በኮሮና ምክንያት የአገሪቱ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በመስከረም 2014 ዓ.ም ደግሞ በጦርነቱ ምክንያት የእኛ አካባቢ ልጆች ትምህርት መጀመር አልቻሉም። ያኔ ተማሪውን «ለምን ቀረህ?» ያለው የለም፤ የታሰበው ማካካሻ ነው። ሁሉም ሲቀር ማካካሻ ካለ፣ አንድ ልጅ ሲቀርስ ለምን አይኖርም?

አንዳንዱ «እንዲህ ከሆነማ ሁሉም ይቀራል» ይል ይሆናል። ጆተኒ ሲጫወት የዋለና ማሽላ ሲጠብቅ የዋለ ግን አንድ አይደሉም። የሰፈሩ ልጆችም የትኛው የትኛው እንደሆነ ያውቃሉ።

ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው።

መምህራኖቻችን፦ ልጁ ክፍል ገብቶ እየተማረ ወላጁ ይጠሩ። በሳምንት አንድ ቀን ግማሽ ሰዓት ማካካሻ ብትሰጡንም ትልቅ ነገር ነው።

ወላጆቻችን፦ አጨዳውን በደቦ እንደምታደርጉት ወፍ ጥበቃውንም ከጎረቤት ጋር በተራ አድርጉት። ሁልጊዜ አንድ ልጅ ብቻ አይቅር።

እኛ ተማሪዎች፦ የቀረ ጓደኛችን ሲመጣ አንሳቅበት። ደብተር እናውሰው፣ ያልገባውን በእረፍት ሰዓት እናስረዳው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና።