ለገና ቤታችንን በዕዳ ሳይሆን ባለን ዕቃ እናስጊጥ



እንደሚታወቀው የገና በዓል ታኅሣሥ 29 ቀን ይከበራል። ቀኑ በተቃረበ ቁጥር በየሱቁ በር ላይ የፕላስቲክ ዛፍ፣ ብልጭ ድርግም የሚል መብራትና የሚያብረቀርቅ ወረቀት ይደረደራል። ልጆች ያያሉ፣ ይጠይቃሉ፤ ወላጅም ይጨነቃል። የመዋጮውን መዝገብ የምይዘው እኔ ስለሆንኩ የዚህን ጭንቀት መጨረሻ አይቻለሁ። ስለዚህ ሐሳቤን ላካፍላችሁ ፈለግሁ።

ባለፈው ዓመት ከታኅሣሥ ጀምሮ መዋጮ ያልከፈሉ አባላት ነበሩ። ምክንያቱን ስጠይቅ አንዲት እናት፣ ‹‹ልጆቹ ጎረቤት ቤት ዛፍ አይተው አስለቀሱኝ፤ ተበድሬ ገዛሁላቸው፤ አሁን ብድሩን እየከፈልኩ ነው›› አሉኝ። በየካቲት መጨረሻ ቤታቸው ሐዘን ገባ። በደንባችን ደግሞ ሦስት ወር ያልከፈለ አባል ሙሉውን ገንዘብ አያገኝም። ኮሚቴው እስኪመሽ ተከራከረ። በመጨረሻ ደንቡን ሳናፈርስ ከየኪሳችን አዋጥተን ጎደሎውን ሞላን። ለቅሶ ልደርስ ስገባ ያ ዛፍ ከቁም ሣጥኑ ጀርባ ተጋድሞ አየሁት። እኚህ እናት ስማቸው ሳይጠራ ይህን እንድጽፍ ፈቅደውልኛል።

እኔም ከሌላው አልሻልም። በ2015 ዓ.ም. ለገና ቤት ሳጸዳ የእናቴን የነሐስ ትሪና ሁለት አሮጌ ፋኖሶች ለቆራሌው በ120 ብር ሸጥኩ። በዚያው ሳምንት ባለ መብራት ዛፍ ገዛሁ። መብራቱ በሦስተኛው ቀን ጠፋ። ከበዓሉ በኋላ ምናለሽ ተራ ለምድጃ ክዳን ፍለጋ ስሄድ እንደዚያው ዓይነት ፋኖስ ተወልውሎ ተሰቅሏል። ዋጋውን ጠየቅሁ። የአንዱ ብቻ እኔ ለሦስቱም ዕቃ ከተቀበልኩት ይበልጥ ነበር! እኔ ቆሻሻ ያልኩትን ሌላው ጌጥ ብሎ ይገዛዋል ማለት ነው።

ዛፍ መግዛት ነውር ነው አላልኩም፤ ያለው ይግዛ። ነገር ግን የዛፉ ልማድ ከየት እንደመጣ ማወቅ ደግ ነው። ዛፉ የጀርመኖች ልማድ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1848 አንድ የለንደን ጋዜጣ ንግሥት ቪክቶሪያ ከቤተሰባቸው ጋር በዛፍ ዙሪያ ቆመው የሚያሳይ ሥዕል ካወጣ በኋላ በእንግሊዝ አገር ተስፋፋ። የመጀመሪያው ሰው ሠራሽ ዛፍም ፕላስቲክ አልነበረም። ጀርመኖች የዝይ ላባ አረንጓዴ ቀለም ነክረው በሽቦ ላይ እየጠመጠሙ የሠሩት ነው። እነሱም እጃቸው ላይ ባለው ነው ያጌጡት። እኛስ ታዲያ እጃችን ላይ ያለውን ለምን እንንቃለን?

እስቲ በየቤታችን እንፈልግ። በስንደዶና በአክርማ የተሰፋ ሰፌድ ግድግዳ ላይ ቢሰቀል ከየትኛው ሥዕል ያንሳል? ያረጀ ነጠላ ካለ ጥለቱ ተቆርጦ በመስኮትና በበር ላይ ይዘረጋል። የአባት የገና ዱላ ከአልጋ ሥር ካለ አውጥታችሁ ወልውሉት፤ ከዚህ የበለጠ የገና ጌጥ የለም። የወተት ዱቄት ቆርቆሮ በምስማር ተበስቶ ውስጡ ሻማ ሲበራ ግድግዳው ላይ ከዋክብት ይሠራል። የጎደለውን ደግሞ ከሰልባጅ ተራ ወይም ከምናለሽ ተራ በርካሽ ማግኘት ይቻላል። ቄጤማ ተጎዝጉዞ ቡና ሲፈላ ቤቱ በዓል በዓል ይሸታል። የጥድ ቅርንጫፍ ለመቁረጥ ግን አትሂዱ። የሐበሻ ጥድ ለማደግ ብዙ ዓመት ይፈጅበታልና ለሁለት ሳምንት ጌጥ ብሎ መጨረስ አይገባም።

አንዳንድ ሰዎች ‹‹አሮጌ ዕቃ ለበዓል? ሰው ምን ይለናል?›› ይላሉ። ስሜቱ ይገባኛል። በዓል አዲስ ነገር የሚታይበት ቀን ነው ተብለን አድገናል። ሆኖም ቆሻሻ ሌላ፣ አሮጌ ሌላ ነው። የታጠበ፣ የተወለወለ፣ የተጠገነ ዕቃ አያሳፍርም። በሰው ወርቅ አይደምቁም ይባላል፤ በብድር መብራትም እንደዚያው ነው።

ጥንቃቄም አለበት። የሰልባጅ ጨርቅ በፈላ ውሃ ተዘፍዝፎ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። ያገለገለ የኤሌክትሪክ ጌጥ ሽቦው ከተላጠ አትግዙ። ከአሜሪካ የመጣ መብራት ለ120 ቮልት የተሠራ ስለሆነ በእኛ 220 ቮልት ላይ በቀጥታ ከሰካችሁት ይቃጠላል፤ እሳትም ሊያስነሳ ይችላል። ቄጤማ ሲደርቅ እንደ ጭድ ነውና ሻማና ፋኖስ ከሱ ይራቅ፤ ልጆች ባሉበት ቤት በተለይ።

አሁን ወደ ሐሳቤ ልምጣ። ከበዓሉ በፊት ባለው ቅዳሜ ጠዋት በእድሩ ግቢ ውስጥ የዕቃ መለዋወጫ ቀን ቢኖረንስ? ለልዋጭ ወይም ለቆራሌው የምንሰጠውን ዕቃ አጥበን እናምጣ፤ የሚያስፈልገንንም እንውሰድ። ገንዘብ አይኖርም። ያመጣም ያላመጣም ይውሰድ፤ ማን ምን ወሰደ ተብሎ በመዝገብ አይጻፍም። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ይምጡ፤ ትሪና ስኒ ለዒድም ያገለግላል። የእድሩን ጠረጴዛዎች ለማውጣት ኮሚቴው ከተስማማ እኔ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ እገኛለሁ።

ሐሳባችሁን፣ ተቃውሞም ቢሆን፣ ከሰሌዳው ሥር ባለው ሣጥን ውስጥ ጨምሩልን። የታኅሣሥን መዋጮ ደግሞ አደራ፣ ከገበያው በፊት ክፈሉ። ሐዘን በዓል አይቶ አይመጣም።

መልካም የገና በዓል።

የእድሩ ጸሐፊ