ፊደል ጨርሶ መጽሐፍ ያጣ ልጅ

«ልጆቻችን ማንበብ ጠሉ» የሚለው ቅሬታ በዳማምና በአል ኹበር በሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ቤት ተደጋግሞ ይሰማል። ተከሳሹም አንድ ነው፤ ስልኩ። ክሱ ጨርሶ ሐሰት ባይሆንም የሚያስረዳው ጥቂት ነው። ያው ልጅ፣ ያው ስልክ በኪሱ እያለ፣ ማታ ቁርኣን ቤት ገብቶ የአረብኛውን ገጽ ሳይደናቀፍ ሲወርደው እንሰማለንና። የአማርኛ ገጽ ሲሰጡት ግን ሦስተኛው መስመር ላይ ሳይደርስ ይሰለቻል። ስልኩ በሁለቱም ቦታ ካለ፣ አንዱን ንባብ ያጸና ሌላውን ያዳከመ ሌላ ነገር አለ ማለት ነው።

አል ኹበር አሽ-ሸማሊያ ውስጥ እናቶች ሳሎናቸውን ለቀው በሳምንት አንድ ቀን አማርኛ የሚያስተምሩበት ክፍል ገብቼ ተቀምጬ ነበር። የዘጠኝ ዓመት ገደማ የሆነው ልጅ ጣቱን ከፊደሉ ሥር እያስኬደ «በ-ሬ-ው ሣ-ር በ-ላ» ብሎ ጨረሰ። «ጎበዝ! በሬው ምን በላ?» አለችው አስተማሪዋ። ልጁ ቀና ብሎ ኮርኒሱን አየ። አንድም ፊደል አልሳተም፤ በሬም ሣርም ምን እንደሆኑ ያውቃል፤ ቤቱ የሚያወራው አማርኛ ነው። ነገር ግን ሐሳቡን ሁሉ ፊደል በመለየት ላይ ስላዋለው፣ «በላ» ላይ ሲደርስ «ሣር» ከጭንቅላቱ ወጥቷል። ያላገኘውን ትርጉም ሊወድ አይችልም። ፍቅሩ ከመምጣቱ በፊት ፍጥነቱ መምጣት አለበት፤ ፍጥነት ደግሞ ብዙ በማንበብ ብቻ ይገኛል። በዚያ ሳሎን የነበረው የፊደል ገበታና ፎቶ ኮፒ የተደረገ አንድ የመልመጃ ወረቀት ነበር። ልጁ ገበታውን ከጨረሰ በኋላ ምን ያንብብ?

የድሮው የቄስ ትምህርት ቤት ለዚህ ጥያቄ መልስ ነበረው። ፊደል የቆጠረ ልጅ ወደ አቡጊዳ፣ ከዚያ ወደ ሐዋርያና ወደ ወንጌል፣ በመጨረሻም ወደ ዳዊት ይሻገራል። «ልጄ ዳዊት ደገመ» ያለ አባት ጎረቤት ጠርቶ ይደግሳል። ቁርኣን ቤትም እንዲሁ ነው፤ ከአሊፍ ባ ጀምሮ የሚቀራው ልጅ መጨረሻው ኸትም፣ ማለትም ቁርኣኑን ቀርቶ መጨረስ፣ መሆኑን ያውቃል፤ ያን ቀን ቤተሰቡ እንደሚደሰት ያውቃል፤ ኡስታዙም በየቀኑ ጆሮውን ሰጥቶ ያዳምጠዋል። ያን ዘመን የማወደስ ሐሳብ የለኝም። ንባቡ በግዕዝ ስለሆነ ልጁ ያነበበውን የማይረዳበት ጊዜ ብዙ ነበር፤ አለንጋውም ነበረ። ሆኖም ልጁ ፊደልን የሚማረው ለምን እንደሆነ በዓይኑ የሚያየው መጽሐፍ ነበረው። ዘመናዊው የቋንቋ ክፍል ይህን መድረሻ አንሥቶ በቦታው ፈተና አስቀመጠ። ምንባቡ አጭር ነው፤ ከሥሩ አምስት ጥያቄ አለ፤ ጥያቄው ከተመለሰ ምንባቡን ዳግመኛ የሚያነሣው የለም። በዓመታት ውስጥ ልጁ የሚማረው፣ ማንበብ ማለት ጥያቄ መመለስ መሆኑን ነው።

ይህ የስደተኛ ልጆች ችግር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 በኢትዮጵያ በተደረገው የመጀመሪያ ደረጃ የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ታሪክ አንድም ቃል ማንበብ አልቻሉም፤ የተመዘኑትም በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ነበር። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.2 በመቶ ብቻ ሲሆኑ አገር ደነገጠ። የፈተናው አሰጣጥ መጥበቁ ድርሻ እንዳለው አልክድም። ነገር ግን ከእነዚህ ልጆች አብዛኞቹ ሁለተኛ ክፍል የነበሩት ያ ምዘና ከተደረገ ሁለት ሦስት ዓመት ቆይቶ ነው። ውድቀቱ በ12ኛ ክፍል ታየ እንጂ በ12ኛ ክፍል አልተጀመረም። ሳዑዲ ዐረቢያም ሀብቷ ከዚህ አላዳናትም። በዓለም አቀፉ የአራተኛ ክፍል የንባብ ምዘና እ.ኤ.አ. በ2016 ያገኘችው 430 ነጥብ ነበር፤ የመለኪያው ማዕከል 500 ነው። በ2021 ወደ 449 ከፍ ብሏል። ከአል ኹበር አጠገብ ዛህራን ላይ ያለው የኢስራ ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ «አቅራእ» የተባለ የንባብ ውድድር ለወጣቶች ያካሂዳል። ከዚህ ውድድር ልብ የምለው ተማሪው ራሱ ስለመረጠው መጽሐፍ መናገሩን ነው። ምርጫው የልጁ ነው፤ የእኛ ክፍሎች ይህን አንድ ነገር እንኳ አልሞከሩትም።

ለእኛ ልጆች ጉዳዩ ከንባብ ፍቅርም ያለፈ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2017 ሐምሌ ጀምሮ በሳዑዲ የሚኖር የውጭ ሠራተኛ ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በወር 100 ሪያል እንዲከፍል ተደነገገ፤ ክፍያው በየዓመቱ በ100 እየጨመረ በ2020 400 ደረሰ። ሚስትና ሦስት ልጆች ላሉት አባት በወር 1,600 ሪያል ማለት ነው። ቤተሰቡን ወደ አገር የላከ ብዙ ነው። እዚህ በአረብኛ ወይም በእንግሊዝኛ ይማር የነበረው ልጅ፣ አዲስ አበባ ወይም ደሴ ሲገባ ሳይንሱም ኅብረተሰቡም በአማርኛ ተጽፎ ይጠብቀዋል። አፉ አማርኛ ይናገራል፤ ዓይኑ ግን ገና በሬውንና ሣሩን አላገናኘም። «ሰነፍ ነው» ይባላል፤ አንድ ክፍል ዝቅ ይደረጋል። ይህ ፍርድ ያሳዝነኛል፤ ልጁ የተነፈገው ትጋት ሳይሆን የሚነበብ ነገር ነውና።

ይህን ባዶ ቦታ በሰው አገር ሆኖ ያየ ሰው ነበር። ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ በሳን ፍራንሲስኮ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ሲሠራ በአማርኛ የተጻፈ የልጆች መጽሐፍ አጣ። ፈልጎ ሲያጣ ራሱ በአማርኛና በእንግሊዝኛ መጽሐፍ አሳተመ፤ ከዚያም በ2003 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ሾላ ላይ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ከፈተ፤ ሐዋሳ ላይ ደግሞ በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤተ መጻሕፍት አስጀመረ። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ የአማርኛ የልጆች መጽሐፍ ያኔ ከነበረው ይበዛል። አል ኹበር ለመድረስ ግን የሻንጣ ኪሎ ይጠይቃል፤ ከአገር የሚመጣ ሰው ደግሞ ሻንጣውን የሚሞላው በበርበሬና በሽሮ ነው፤ አልወቅሰውም።

በዚህ ሁሉ መካከል የሳሎኑ ክፍል ማድረግ የሚችለው አለ። የመጀመሪያው፣ አስተማሪዋ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ እንድታነብላቸው ነው፤ ልጁ ራሱ ሊያነበው ከሚችለው ከፍ ያለ፣ ግን ሊተወው የማይፈልገውን ታሪክ፣ ጥያቄ ሳይከተለው፣ ልብ በሚያንጠለጥልበት ቦታ እያቆመች። ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ካሳተሙ በኋላ ወጋየሁ ንጋቱ በኢትዮጵያ ሬዲዮ ሲተርከው አገር ጆሮውን ሰጥቶታል፤ በጆሮ ሰምቶ መጽሐፉን ያሳደደ ብዙ ነው። ሁለተኛው የሚነበበውን እዚያው መሥራት ነው። ልጁ ከአያቱ በስልክ የሰማውን ተረት በአማርኛ ይናገር፤ አስተማሪዋ በአጫጭር ዓረፍተ ነገር ትጻፈው፤ በጉልህ ፊደል ይታተም፣ በስቴፕለር ይያያዝ። ልጁ ታሪኩን አስቀድሞ ስለሚያውቀው ዓይኑ ከፊደሉ ቀድሞ ይሮጣል፤ የጎደለው ፍጥነት የሚገነባው እንዲህ ነው። ተከሳሹ ስልክም እዚህ ላይ ይጠቅማል።

ወላጆች «ልጆቻችንን የምንልከው ተረት እንድታወሩ ነው?» ማለታቸው አይቀርም። የቤት ሥራ ደብተር ማየት ለምደዋልና ቅሬታቸው ይገባኛል። መልሱን ልጁ ቤት ወስዶ ሁለት ገጽ በማንበብ ይስጣቸው። ከዚህ የሚከብደው የአስተማሪዎቹ ጉዳይ ነው። በፈቃደኝነት የሚያስተምሩት ሴቶች የመኖሪያ ፈቃዳቸው ሲያልቅ ወይም የባላቸው ሥራ ሲቀየር ይሄዳሉ፤ ቀጣይዋ ደግሞ እንደገና ከ«ሀ» ትጀምራለች። ስለዚህ የታተሙት ተረቶች በአንድ ካርቶን ተሰብስበው፣ የትኛው ለጀማሪ የትኛው ለቀደመ ልጅ እንደሆነ ሽፋናቸው ላይ ተጽፎ፣ ካርቶኑ ከአንዷ አስተማሪ ወደ ሌላዋ መተላለፍ አለበት።