ሯጩ የእኛ፣ መዝገቡ የማን?

በስደት ዓለም የምንኖር ኢትዮጵያውያን የማንከራከርበት ጉዳይ የለም። በባንዲራው፣ በታሪኩ፣ በቤተ ክርስቲያኑ አስተዳደር፣ በማኅበሩ ሊቀ መንበር ምርጫ ሳይቀር ጎራ ለይተን ስንሟገት ዘመናት ነጉደዋል። በአንድ ነገር ግን ቃላችን አንድ ነው፤ በሯጮቻችን እንኮራለን። ሯጩ ክሩን ሲበጥስ ተቃዋሚውም ደጋፊውም እኩል ያነባል። እኔም ክርክር የማነሣው እዚሁ፣ ሁላችንም ተስማምተናል ብለን በተኛንበት ሥፍራ ላይ ነው። ሩጫውን የሮጥነው እኛ ነን፤ ምስሉን የቀረጸው፣ የመዘገበው፣ ስም ያወጣለትና በማከማቻው ቆልፎ የሚያከራየው ግን ሌላ ነው። ይህም የሆነው ሌላው ስለ ነጠቀን ብቻ አይደለም፤ እኛ ራሳችን ሥራውን ስለ ናቅነው ጭምር ነው።

ይህን የምለው ከሰው ሰምቼ አይደለም። በአሜሪካ የኮሌጅ ተማሪ ሳለሁ የስፖርት ቪዲዮ በሚያዘጋጅ አንድ ድርጅት ውስጥ የዕረፍቱን ወራት በሙሉ ያለ ደመወዝ በተለማማጅነት ሠርቻለሁ። የስፖርት ቀረጻ ሲባል ለብዙዎቻችን በዓይነ ሕሊናችን የሚመጣው በሜዳው ዳር ካሜራ ተሸክሞ የሚሮጠው ሰው ነው። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ግን ይበልጣል። አንድ ትልቅ ውድድር በአሥርና ከዚያ በላይ በሆኑ ካሜራዎች ይቀረጻል። ከየካሜራው የመጣው ምስል ወደ ማከማቻ ከገባ በኋላ አንድ ሰው ተቀምጦ ሁሉንም ከመነሻው እስከ መድረሻው እየተመለከተ ይመዘግባል። በስንተኛው ሰዓት፣ በስንተኛው ደቂቃና ሰከንድ ማን ታየ? ምን አደረገ? ምስሉ የተነሣው ከቅርብ ነው ወይስ ከሩቅ? አትሌቷ ወደቀች? አማተበች? መሬት ሳመች? ይህ መዝገብ ከሌለ ፊልሙን የሚያቀናብረው ባለሙያ የሚፈልገውን ቁራጭ ከመቶ ሰዓት ምስል ውስጥ ለይቶ ማውጣት አይችልም። ታዲያ በዚህ ወንበር ላይ የሚቀመጠው በድርጅቱ ውስጥ ከሁሉ ያነሰው ሰው፣ ማለትም ተለማማጁ ነው። የወንበሩ ዝቅተኛነት ግን ሊያታልለን አይገባም፤ የነገው ሰው ስለ ዛሬው ሩጫ ምን ማግኘት እንደሚችል የሚወሰነው እዚያ ነው።

ከእኔ በፊት የነበሩ ተለማማጆች የመዘገቧቸውን የጎዳና ሩጫዎች ማመሳከር አንዱ ሥራዬ ነበር። የአገሬው ሯጮች፣ አሥረኛና አሥራ አምስተኛ የወጡት ሳይቀሩ፣ ከነስማቸውና ከነትውልድ ከተማቸው ተጽፈዋል። ከፊት የሚመሩት ግን «የአፍሪካውያን ቡድን» ተብለው በጅምላ ተመዝግበዋል። አንዲት አሸናፊ የተመዘገበችው «ኢትዮጵያዊት፣ አረንጓዴ ካናቴራ» ተብላ ነበር። ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል የሮጠችው ሴት ከካናቴራዋ ቀለም በቀር የቀረላት ነገር አልነበረም።

ስም የተጻፈላቸውም ቢሆኑ ዕጣቸው ብዙም አይሻልም። ቀነኒሳ በቀለ «በቀለ» ነው፤ ጥሩነሽ ዲባባ «ዲባባ» ናት። በእኛ ባህል ሁለተኛው ስም የአባት እንጂ የቤተሰብ መጠሪያ አለመሆኑን የሚያውቅ ሰው በወንበሩ ላይ ስለሌለ፣ ልጁ ሮጦ አባቱ ይመዘገባል። እጅጋየሁ፣ ጥሩነሽና ገንዘቤ ሦስቱም በኦሊምፒክ ሜዳሊያ ያገኙ እኅትማማቾች ናቸው፤ እንዲህ ባለ መዝገብ ውስጥ ግን ሦስቱም በአንድ «ዲባባ» ሥር ተደባልቀው ይገኛሉ። ስሞቹን አሟልቼ ላስተካክል ብዬ ኃላፊዬን ብጠይቀው ክፉ ሰው አልነበረምና በፈገግታ «ደግሞ እነሱን ማን ሊፈልጋቸው?» አለኝ። መልሱ ሒሳብ እንጂ ጥላቻ አልነበረም። የተለማማጅ ጊዜ የሚውለው ገዢ ይፈልገዋል ተብሎ በሚታሰበው ምስል ላይ ነው፤ እነዚህን ደግሞ የጠየቀ ገዢ አልነበረም።

አባቶቻችን «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። እኛ ምስል ጽሑፍን የተካ መስሎን ተዘናግተናል። ምስልም ቢሆን ካልተጻፈበት ይረሳል። ስም የሌለው ምስል ተፈልጎ አይገኝም፤ ያልተገኘም አይታይም፤ ያልታየም አትሌት ታሪኩን የሚነግርለት፣ በስሙ ጫማ የሚሸጥለት፣ ሲያረጅ የሚያስታውሰው አይኖርም።

ምስልና ስም በሌላ እጅ ሲገቡ ምን እንደሚሆን ለማየት ከሻምበል አበበ ቢቂላ የበለጠ ምሳሌ አያሻም። አበበ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ፣ በ1964 ደግሞ ቶክዮ ላይ ጫማ አድርጎ ማራቶንን አሸነፈ። የቶክዮውን ሩጫ በረጅምና በዝግታ በሚፈስ ትዕይንት ለዓለም ያቆየው ጃፓናዊው የፊልም ዳይሬክተር ኮን ኢቺካዋ ነው፤ ፊልሙም በ1965 ለሕዝብ ታየ። ለኢቺካዋ ምስጋና እንጂ ወቀሳ የለኝም። ባይቀርጸው ኖሮ ዛሬ በእጃችን ያለው ቃል ብቻ በሆነ ነበር። ነገር ግን በኦሊምፒኩ ቻርተር መሠረት የጨዋታዎቹ ምስል መብት የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ነው። ከኢትዮጵያውያን አንዱ ስለ አበበ ፊልም ልሥራ ቢል የገዛ ጀግናውን እርምጃ በሰከንድ ተምኖ ሊከራይ ነው።

ስሙስ? ቪብራም የተባለው የጣልያን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2010 የባዶ እግር ሩጫን ስሜት ይሰጣል ያለውን ጫማ «ቢቂላ» ብሎ ለገበያ አቀረበ። የአበበ ቤተሰብ በ2015 በአሜሪካ፣ በዋሽንግተን ስቴት በሚገኘው የፌዴራል ፍርድ ቤት ከሰሰ። በ2016 ዳኛው ጉዳዩን ዘጉት። ምክንያታቸውም ቤተሰቡ ነገሩን በ2011 እያወቀ ክሱን እስኪመሠርት ብዙ ዘግይቷል የሚል ነበር። ይህን የማነሣው ቤተሰቡን ለመውቀስ አይደለም። አንድ ቤተሰብ ብቻውን የዓለምን ገበያ ሊጠብቅ አይችልም። ጠባቂ መሆን የነበረበት ማኅበረሰቡ ነው፤ ማኅበረሰቡ ደግሞ የሚያውቀው መኩራትን እንጂ መጠበቅን አይደለም። ለዘገየ ባለመብት ሕጉም እንደማይራራ ይህ ፍርድ ይመሰክራል።

ታዲያ በዚያ የመዝጋቢ ወንበር ላይ ለምን የእኛ ልጆች አይቀመጡም? የመጀመሪያው ምክንያት ወንበሩ የሚከፈልበት ባለመሆኑ ነው። አብረውኝ ከነበሩት ተለማማጆች መካከል ኪራይ የሚከፍል አንድም አልነበረም፤ ወላጆቻቸው ችለውላቸዋል። እኔ ሌሊቱን የመኪና ማቆሚያ ስጠብቅ አድሬ ጠዋት ምስል ልመዘግብ እገባ ነበር። ወደ አገር ቤት ገንዘብ የሚልክ፣ ታናናሾቹን የሚያስተምር የስደተኛ ልጅ ሦስት ወር በነጻ ሊሠራ አይችልም። ያለ ደመወዝ የሚሰጥ ልምምድ ለሁሉ የተከፈተ በር ይመስላል፤ የመግቢያው ዋጋ ግን የሦስት ወር ኪራይ ነው።

ሕጉም ቢሆን ወላውሏል። እ.ኤ.አ. በ2013 ኒው ዮርክ ውስጥ አንድ የፌዴራል ዳኛ «ብላክ ስዋን» በተባለው ፊልም ላይ በነጻ የሠሩ ሁለት ተለማማጆች እንደ ሠራተኛ ሊቆጠሩ ይገባ እንደነበር ፈረዱ። በ2015 የይግባኙ ፍርድ ቤት ያን ውሳኔ ሽሮ፣ ከልምምዱ ይበልጥ የተጠቀመው ማነው የሚለው ይመርመር አለ። የአሜሪካ የሥራ ሚኒስቴርም በ2018 ይህንኑ መመዘኛ ተቀበለ። ይበልጥ የተጠቀመው ማነው? እኔ አንድ የምስክር ወረቀት ይዤ ወጣሁ፤ ድርጅቱ የመዘገብሁለትን ምስል ሁሉ ይዞ ቀረ። ፍርዱን ለአንባቢ እተዋለሁ።

ሁለተኛው ምክንያት ግን ከራሳችን ቤት ነው። ልጃችን ነርስ፣ ፋርማሲስት ወይም የኮምፒውተር ባለሙያ ልሁን ሲል እልል እንላለን፤ የስፖርት ቪዲዮ ልማር ሲል ግን «ኳስ መቅረጽ ደግሞ ሥራ ነው?» እንለዋለን። በየሠርጉ ቀራጭ ስንፈልግ ዋጋ የምንቀንሰው እኛ ነን። በየበዓሉ «ለወገንህ ብለህ» እያልን ወጣቱን ከነካሜራው ሙሉ ቀን በፀሐይ የምናቆመው፣ ማታም በምሳ ሳህንና በምርቃት የምንሸኘው እኛው ነን። የፈረንጁን ድርጅት በጉልበት ብዝበዛ ከመክሰሳችን በፊት የራሳችንን ደጅ ብናይ መልካም ነበር። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስል» የተባለው ለእንዲህ ያለው ነው።

በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ከተመሠረተበት ከ1984 ጀምሮ ያለውን ዘመን እናስብ። በየዓመቱ በሐምሌ መጀመሪያ ከየከተማው የሚሰበሰበው ሕዝብ ያየው ጨዋታ፣ ያቀፈው የጠፋ ጓደኛ፣ የሰማው ዘፈን ስንት ነው! ያ ሁሉ የስደታችን ታሪክ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተቀረጸው ካሴት ግን ዛሬ የት ነው? ጥያቄዬ ለፌዴሬሽኑ መሪዎች ብቻ አይደለም፤ በየቤታችን ምድር ቤት፣ በካርቶን ውስጥ፣ «ቶርናመንት» ከሚል አንድ ቃል በቀር ምንም ያልተጻፈበት ካሴት ላስቀመጥን ሁሉ ነው። የካሴት ክር በዕድሜው ይበላሻል። የቪዲዮ ካሴት ማጫወቻ ይሠራ የነበረው የመጨረሻው የጃፓን ፋብሪካም እ.ኤ.አ. በ2016 ምርቱን አቁሟል። በየዓመቱ በጥድፊያ ቀርጸን፣ በጥድፊያ አሳይተን፣ በጥድፊያ ረሳን። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል»፤ የእኛም መታጠቂያ ተፈትቶ እየተጎተተ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ተቃውሞዎች እንደሚነሡብኝ አውቃለሁ። አንደኛው «ሁሉም በዩቲዩብ አለ» የሚለው ነው። በዩቲዩብ ያለው በሰው ግቢ የተተከለ ድንኳን ነው፤ ባለመብቱ አንድ ቀን ይነሣልኝ ካለ ይነሣል። እስኪነሣም ቢሆን የሚገኘው ስሙ በትክክል የተጻፈለት ብቻ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከበድ ይላል። «ሕዝብ እየሞተና እየተሰደደ ስለ ኳስና ሩጫ ምስል ማውራት ቅንጦት ነው» ይሉኛል። ለእነዚህ ወገኖቼ ፈይሳ ሌሊሳን አስታውሳቸዋለሁ። ፈይሳ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2016 በሪዮ ኦሊምፒክ ማራቶን ሁለተኛ ሆኖ ሲደርስ ክንዶቹን ከራሱ በላይ አጣምሮ፣ በኦሮሚያ በሰልፈኞች ላይ ይፈጸም የነበረውን ግድያ ተቃወመ። ከዚያ በኋላ ወደ አገሩ የተመለሰው በጥቅምት 2018 ነው። ብዙ ሰልፍና ብዙ መግለጫ ያላሰማውን ጩኸት የጥቂት ሰከንድ ምስል ለዓለም አሰማ። ፈይሳ ካሜራው የት እንደሚጠብቀው ያውቅ ነበር። ከእኛ መካከል ግን ካሜራው የማን እንደሆነና ምስሉን ማን እንደሚያኖረው የጠየቀ ስንት ነው? የስፖርት ምስል ቅንጦት ነው የሚል ሰው ያን ቀን ምን እንዳየ ራሱን ይጠይቅ።

ልመናዬ ሦስት ነው። አንደኛ፣ ውድድርና በዓል የሚያዘጋጁ ማኅበሮቻችን ለዘፋኝ ከሚከፍሉት ላይ ጥቂት ቀንሰው፣ በየዓመቱ ሁለትና ሦስት ወጣቶችን በደመወዝ ያሠልጥኑ፤ ቀረጻውን ብቻ ሳይሆን ምዝገባውንም ያስተምሯቸው። ሁለተኛ፣ በየቤቱ ያለው ካሴት ሳይበላሽ ይሰብሰብና ወደ ኮምፒውተር ይገልበጥ፤ በምስሉ ላይ ያሉትን ሰዎች የሚያውቁ አዛውንቶች በሕይወት ሳሉ አብረው ተቀምጠው ስማቸውን ይንገሩ። ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ ሰው በምስሉ መዝገብ ላይ በራሱ ስም፣ ከነአባቱ፣ በፊደላችንና በላቲን ይጻፍ። ይህ ሁሉ ሚሊዮን ብር አይጠይቅም። የሚጠይቀው፣ ዝቅተኛ ያልነውን ወንበር እንደ ክብር ወንበር መቁጠርን ነው።

ሯጮቻችን ድርሻቸውን ተወጥተዋል። የቀረው ሥራ ፈጣን እግር አይፈልግም፤ ደመወዝ የተቆረጠለት ትጉህ እጅ ይፈልጋል። ያን እጅ ከፍለን ካላስቀመጥን፣ የልጅ ልጆቻችን አንድ ቀን በሰው መጋዘን ውስጥ ከፊት የምትሮጥ አንዲት ሴት አይተው «ይህች ማን ናት?» ብለው ሲጠይቁ፣ «ኢትዮጵያዊት፣ አረንጓዴ ካናቴራ» ከሚል በቀር መልስ አያገኙም።