የእኛን ዝናብ ማን ያስላልን?

ጅግጅጋ ላይ ደመናው ከብዶ ሲታይ ሁሉም ሰው ወደ ላይ ያንጋጥጣል። ዝናቡ ግን ለአንዱ ቀበሌ ወርዶ ጎረቤቱን ዘሎት ሊሄድ ይችላል። ከፋፈን እስከ ሲቲ ያለው አርብቶ አደር ጥያቄው አንድ ነው፤ ግመሉንና ፍየሉን ወዴት ይንዳ? የተሳሳተ መልስ መንጋ ያስጨርሳል። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ሲከሽፉ በሶማሌ ክልል የደረሰውን እናንተም ታውቁታላችሁ። ሲበዛም ያው ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ጎርፍ በሌሊት ድሬዳዋን መትቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ወስዷል።

እንዲህ ያለውን ዝናብ ቀድሞ ማወቅ ለምን ከበደ? ዓለም አቀፍ የትንበያ ሞዴሎች ምድርን የሚያሰሉት አሥር ኪሎ ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ስፋት ባላቸው ሳጥኖች ከፋፍለው ነው። የእኛ ነጎድጓዳማ ዝናብ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከሳጥኑ ያንሳል። በየአንድ ኪሎ ሜትሩ ለማስላት የሚጠይቀው የኮምፒውተር አቅም ግን እጅግ ብዙ ነው።

በኔዘርላንድስ የሚገኘው የዴልፍት የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2019 የጀመረው መላ ከእኛ ደቦ ጋር ይመሳሰላል። ከሰሃራ በታች ያለውን አፍሪካ በትንንሽ ቦታዎች ከፋፍሎ፣ ስሌቱን “ወርልድ ኮሚዩኒቲ ግሪድ” በሚባል መረብ በኩል ለበጎ ፈቃደኞች ኮምፒውተር ያድላል። ኮምፒውተሩ ባለቤቱ በማይጠቀምበት አቅም ድርሻውን አስልቶ ይመልሳል። ስሌቱ የነገን ዝናብ አይናገርም። የአንድ ዓመት ዝናብን በኮምፒውተር ደግሞ ሠርቶ ከሳተላይትና ከመሬት ጣቢያዎች ልኬት ጋር ለማነጻጸርና ትንበያን ለማሻሻል ነው። እንግዲህ የማናውቀው ሰው ሳሎን ውስጥ ያለ ኮምፒውተር የሽንሌንና የቀብሪበያህን ሰማይ ሲያሰላ ሊያድር ይችላል ማለት ነው።

እኛስ? እውነቱን እናውራ። አብዛኞቻችሁ እጅ ላይ ያለው ስልክ ነው፤ ይህ የዝናብ ስሌት ደግሞ ለስልክ ይከብዳል። “ቦይንክ” የተባለው መተግበሪያ በአንድሮይድ ስልክ ለሌሎች ምርምሮች ይሠራል፤ ካልቀየራችሁት በስተቀር ስልኩ ቻርጅ ላይ ሲሆን ብቻ ያሰላል፣ ፋይል የሚቀባበለውም በዋይፋይ ነው። ዳታ በካርድ እየሞላ፣ መብራት እየጠበቀ ለሚኖር ወጣት ግን ይህን ግዴታህ ነው ማለት አይገባም። “ስልክህን አከራየን፣ ብር ትሠራለህ” የሚል መተግበሪያ ካጋጠማችሁ ደግሞ ሽሹት፤ ከዚህ ጋር አይገናኝም።

ግዴታው የሚጀምረው የኮምፒውተር ክፍል ካላቸው ተቋማት ነው። ጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲም ሆነ በቶጎ ውጫሌና በሌሎቹ ከተሞች ያሉ ኮሌጆችና ትምህርት ቤቶች፣ ተማሪ ወጥቶ ሥራ የሚፈቱ ማሽኖችን ለዚህና ለመሰል ስሌቶች ማዋል ይችላሉ። መብራቱም መሣሪያውም የተቋሙ ስለሆነ ያለ ፈቃድ መጫን ነውር ነው። በፈቃድ ከሆነ ግን በጥቂት ማሽኖች ጀምሮ፣ የመብራቱን ወጪ ለክቶ፣ ለተማሪዎች ክበብ ማስረከብ ይቻላል።

ጥቅሙም ለሌላ ብቻ አይደለም። የመረቡ ውጤት ለተመራማሪዎች ክፍት የሚደረግ ነው። ስሌቱ አውበሬ ላይ ዘነበ ሲል እውነት መዝነቡን የአካባቢው ሰው ጠይቆ የሚያመሳክር ተማሪ ያስፈልጋል፤ ይህን ቶሮንቶ ወይም ዴልፍት የተቀመጠ ሰው አይችለውም።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት የትምህርት ቤታችሁን የአይሲቲ ኃላፊ አንድ ነገር ጠይቁ፤ ማታ ማታ ሥራ የሚፈቱ ኮምፒውተሮች ስንት ናቸው?