ከምድጃው ዳር፦ ለአራሷ የያዝኩላት ክኒን

ሁልጊዜ ስለ ወጥና ስለ ድፎ ነው የማጫውታችሁ። ዛሬ ግን ስለ አንድ ክኒን ልንገራችሁ። ትንሽ የሚያሳፍረኝ ታሪክ ነው፤ ግን ብነግራችሁ ይሻላል።

አምና ጥርሴን አስነቀልኩ። ሕመሙ እንቅልፍ ሲነሳኝ አድሮ ጠዋት ከፋርማሲ ኮ-ኮዳሞል ገዛሁ። ታውቁታላችሁ፣ ፓራሲታሞልና ኮዴይን አንድ ላይ ያለበት ክኒን ነው። ሁለት ፍሬ ዋጥኩና ዕለቱ ቅዳሜ ስለነበር በቀጥታ ወደ ምግብ ቤቴ ሄድኩ። ብዙም ሳይቆይ ምጣድ ፊት ቆሜ ዓይኔ ይከደናል፣ ራሴ ይዞራል፣ ያቅለሸልሸኛል። ወጥ ሠሪያችን "እትዬ፣ ምን ሆኑ?" ብላ ወንበር አቀረበችልኝ። ድካም ነው ብዬ ተውኩት።

ከሳምንት በኋላ የእህቴ ልጅ ወለደችና ገንፎ ለማገንፋት ሄድኩ። አራሷ ወገቧን አሟታል። እኔም ለደግነቴ ቦርሳዬን ከፍቼ የተረፈችኝን ክኒን "እንቺ የኔ ልጅ፣ ይቺ ፍቱን ናት" ብዬ ዘረጋሁላት። ልትቀበለኝ ስትል፣ ነርስ የሆነች ጎረቤቷ "እትዬ፣ እባክዎ ይመልሱት፤ ታጠባለች እኮ!" አለችኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ተቀየምኩ። በኋላ ቁጭ ብላ ስታስረዳኝ ግን ቅያሜዬ ወደ ድንጋጤ ተለወጠ።

ልጆች፣ እሷ የነገረችኝን እኔ በወጥ ቤት ቋንቋ ልንገራችሁ። ጂን ማለት የአሠራር ወረቀት ነው በሉት። ሰውነታችን ወረቀቱን እያነበበ ፕሮቲን ይሠራል፤ ፕሮቲኑ ደግሞ ሥራውን የሚሠራው ወጥ ሠሪ ነው። 22ኛው ክሮሞዞማችን ላይ ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባል ጂን አለ። በዚህ ወረቀት የሚሠራው ፕሮቲን ኤንዛይም ነው፤ ዋና ወጥ ቤቱም ጉበት ነው። ሥራው የምንውጠውን መድኃኒት መለወጥና መሰባበር ነው። ሐኪሞች በብዛት ከሚያዙት መድኃኒት እስከ ሩብ ያህሉ በእሱ እጅ ያልፋል።

ኮዴይን ለብቻው ደካማ ነው፣ እንደ ጥሬ ሥጋ ቁጠሩት። ይህ ኤንዛይም ጥቂቱን ወደ ሞርፊን ይለውጠዋል፤ ሕመሙን በዋናነት የሚያስታግሰው ያ ሞርፊን ነው። አብዛኛው ሰው ከእናቱ አንድ፣ ከአባቱ አንድ ወረቀት ይወርሳል። አንዳንዱ የወረሳቸው ሁለቱም የተበላሹ ናቸው፤ እሱ ኮዴይን ቢውጥ ብዙም አይሻለውም። ሌላው ደግሞ ትርፍ ቅጂ ይወርሳል። ወጥ ቤቱ ውስጥ ሠራተኛ በዝቶ ኮዴይኑን በአንዴ ሞርፊን ያደርገዋል። ያው ሁለት ክኒን ለጎረቤቱ መድኃኒት ሲሆን ለእሱ ከመጠን ያለፈ ይሆናል። የሚያጠባት እናት ከሆነች ደግሞ ሞርፊኑ በጡት ወተት ወደ ሕፃኑ ያልፋል። የጥቂት ቀን ሕፃን ትንፋሹን እስኪያዳክመው ሊያደርሰው ይችላል።

ይሄ እኛን ምን አገባን ትሉ ይሆናል። በጣም ያገባናል! በ1996 የታተመ ጥናት 122 ኢትዮጵያውያንን መርምሮ ከመቶ 29ኙ የዚህ ጂን ትርፍ ቅጂ እንዳላቸው አገኘ። በስዊድናውያን ዘንድ ቁጥሩ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ነው። ጥናቱን ከመሩት አንዷ የእኛዋ ተመራማሪ ኤሌኒ አክሊሉ ናቸው፤ በስዊድን የካሮሊንስካ ተቋም ፕሮፌሰር ሆነዋል። በ2002 ደግሞ በስዊድን የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን አገር ቤት ካሉት ጋር አስተያዩ። የጂኑ ቅጂ እኩል ሆኖ እንኳ፣ አገር ቤት ያሉት ላይ ኤንዛይሙ ዘገም ይላል። ወረቀቱ አንድ ቢሆንም አካባቢው የራሱን እጅ ይጨምራል ማለት ነው። እኔም በርበሬ አገር ሲለውጥ ጣዕሙ እንደሚለወጥ አውቃለሁና አልገረመኝም።

የነገሩ መነሻ ደግሞ እዚሁ ለንደን መሆኑን ታውቃላችሁ? በ1970ዎቹ በፓዲንግተን፣ በሴንት ሜሪ ሆስፒታል የሕክምና ትምህርት ቤት፣ ሮበርት ስሚዝ የሚባሉ ሳይንቲስት ከባልደረቦቻቸው ጋር ዴብሪሶኩዊን የተባለ የደም ግፊት መድኃኒት በራሳቸው ላይ ሞከሩ። ባልደረቦቻቸው ምንም አልሆኑም፤ የእሳቸው ግፊት ግን ክፉኛ ወርዶ መቆም አቃታቸው። ለምን እኔን ብቻ ብለው ተከታተሉት። በ1977 ባሳተሙት ጥናት መድኃኒቱን የመለወጥ አቅም በዘር የሚወረስ መሆኑን አሳዩ። የእሳቸው ችግር የእኛ ተቃራኒ ነበር፤ ሰውነታቸው መድኃኒቱን ቶሎ አይለውጠውም።

በ2013 የብሪታንያ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ኮዴይን ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ለሕመም እንዳይሰጥ፣ የምታጠባ እናትም እንዳትወስደው አዘዘ። እንቅልፍ ላይ ትንፋሻቸው እየተቋረጠ ቶንሲል ወይም አዴኖይድ ለሚወጣላቸው፣ 18 ዓመት ላልሞላቸው ሁሉ ተከልክሏል። ኢትዮጵያም በ2015 ኮዴይን ያለባቸውን መድኃኒቶች አግዳለች። አገር ቤት የታገደውን እኛ እዚህ በቦርሳችን ይዘን እንዞራለን ማለት ነው።

እኔ ጂኔን አልተመረመርኩም፤ ስለዚህ ከ29ኞቹ አንዷ ነኝ ልላችሁ አልችልም። የቅዳሜዋን እንቅልፍ ግን ለፋርማሲስቷና ለጂፒዬ ነገርኳቸው፤ መዝገቤ ላይም ተጻፈልኝ። እናንተም እንዲህ አድርጉ፦

በኮዴይን ወይም በትራማዶል ከልክ በላይ ተኝታችሁ፣ ተደናግራችሁ ወይም አጥወልውሏችሁ ከሆነ ለሐኪሙ ንገሩ። ትራማዶልም በዚያው ኤንዛይም እጅ ነው የሚያልፈው። እርጉዝ ከሆናችሁ ወይም የምታጠቡ ከሆነ ማንኛውንም ክኒን ከመግዛታችሁ በፊት ተናገሩ። ሐኪም ያዘዘላችሁን መድኃኒት ግን የእኔን ጽሑፍ አንብባችሁ እንዳታቋርጡ፤ መጀመሪያ ጠይቁ። ኮዴይን የወሰደ ሰው ትንፋሹ ከቀነሰ፣ የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ጫፍ ከጠበበ፣ ቢቀሰቅሱት አልነቃ ካለ፣ ሕፃን ደግሞ ከወትሮው በላይ ተኝቶ አልጠባም ካለ፣ ሳታመነቱ 999 ደውሉ። ጂፒ ዘንድ ስትሄዱ አስተርጓሚ በነፃ መጠየቅ መብታችሁ ነው፤ የአሥር ዓመት ልጅ ትከሻ ላይ አትጫኑት።

ልጆች፣ ለእናንተም ትንሽ ሥራ አለኝ። የመድኃኒት ወረቀት ለእናታችሁ ስታነቡ፣ ኮዴይን የሚል ካገኛችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡላት። ካርቶኑ ላይ ሱስ ሊያስይዝ እንደሚችል፣ ከሦስት ቀን በላይም መወሰድ እንደሌለበት የሚናገር ማስጠንቀቂያ አለ፤ እሱንም አንብቡላት።

የእህቴ ልጅ ደህና ናት፤ ሕፃኑም ወፍሯል። የተረፉትን ክኒኖች ወደ ፋርማሲው መለስኳቸው፤ እነሱ ይቀበላሉ፣ ቆሻሻ ውስጥ አትጣሉ። ከዚያ ወዲህ አራስ ጥየቃ ስሄድ የምይዘው ገንፎና ቅቤ ብቻ ነው። እሱን ማንም ነርስ አስመልሶኝ አያውቅም!

በሚቀጥለው ወር በሽሮ እንገናኛለን። ቸር ሰንብቱ።